የዲስኩ መዝገብ ቤት

የሠርጉ ቪዲዮ ተቀናብሮ አልቋል። መጠኑ 6 ጊጋ ባይት ነው። ደንበኛው ያመጣው ፍላሽ 16 ጊጋ ይይዛል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አቀናባሪው ቪዲዮውን ወደ ፍላሹ ሊገለብጥ ሲል ግን ዊንዶውስ እምቢ ይላል፤ ፋይሉ ለመድረሻው ፋይል ሲስተም ከመጠን በላይ ትልቅ ነው የሚል መልእክት ያወጣል። ደንበኛው ፍላሹ የተበላሸ መስሎት ሌላ ገዝቶ ይመጣል። አዲሱም ያንኑ ይላል።

ሁለቱም ፍላሾች ግን ደህና ናቸው። ቦታም አልጠበበም። የጎደለው ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ነው።

የድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ፋይሎቹ በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። የማን ፋይል በስንተኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ፋይሎቹ ካሉበት አይነቃነቁም፤ የሚያገኛቸው ግን የለም። ፋይል ሲስተም ማለት ይህ መዝገብ ከነአጻጻፍ ደንቡ ነው። ፓርቲሽን ደግሞ መዝገብ ቤቱን በክፍል በክፍል የሚለየው ግድግዳ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝገብ አለው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ፈጣን ፎርማት እንኳ መደርደሪያውን አይጠርግም፤ አሮጌውን መዝገብ ትቶ አዲስና ባዶ መዝገብ ይከፍታል። ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙ የቤተሰብ ፎቶ፣ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ አስጠፍቷል።

በዊንዶውስ ዓለም ከመዝገቦቹ ሁሉ አንጋፋው ፋት ነው። ማይክሮሶፍት ገና በአሜሪካዋ አልበከርኪ ከተማ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት በነበረበት በ1977 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞቹ አንዱ የሆነው ማርክ ማክዶናልድ ለፍሎፒ ዲስክ ብሎ ቀረጸው። አሠራሩ የዋህ ነው። ፋይል በዲስኩ ላይ በእኩል ቁራሽ እየተከፈለ ይቀመጣል፤ ቁራሹ ክላስተር ይባላል። መዝገቡ የፋይሉን የመጀመሪያ ክላስተር ብቻ ይናገርና፣ ከዚያ በኋላ አንዱ ክላስተር ወደሚቀጥለው ይጠቁማል። በማያውቀው ሰፈር ቤት የሚፈልግ እንግዳ በየደጃፉ እየጠየቀ እንደሚደርስ ማለት ነው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ እንግዳው እዚያው ይቀራል።

ፋት እያደገ ሄዶ በ1996 ፋት 32 የሚባለው መጣ። እዚህ መዝገብ ውስጥ የአንድ ፋይል መጠን የሚጻፍበት ቦታ 4 ባይት ብቻ ነው። በ4 ባይት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 በመሆኑ የፋይል ጣሪያውም እዚያ ላይ ነው። ደንቡ በወጣበት ዘመን 4 ጊጋ የሚያህል ፋይል በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ይኖራል ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። ሁለቱም ፍላሾች በፋት 32 የተዘጋጁ በመሆናቸው የሠርጉን ቪዲዮ ያገደው ያ የ1996 ግምት ነው።

ከፋት 32 ጋር የተያያዘ ሌላም ጣሪያ አለ፤ ታሪኩ መነገር የሚገባው ነው። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ዲስክ በፋት 32 ለማዘጋጀት ፈቃደኛ አይደለም፤ ፋይል ሲስተሙ ራሱ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዲስክ መሸከም ይችላል። መስኮቱን በ1994 መጨረሻ የጻፈው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ዴቭ ፕለመር፣ ለጊዜው የሚያገለግል ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ የ32 ጊጋውን ገደብም ያን ዕለት የወሰንኩት እኔ ነኝ ሲል በይፋ ተናግሯል። ጊዜያዊው መስኮት ከሠሪው የሥራ ዘመን በላይ ኖረ። ማይክሮሶፍት ገደቡን ወደ 2 ቴራ ከፍ የሚያደርግ ለውጥ በሙከራ እትም ያወጣው በኦገስት 2024 ሲሆን፣ ያም በትእዛዝ መስመር ለሚሠራው ፎርማት ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰዎች ትልቁን ፍላሻቸውን በፋት 32 ለማዘጋጀት የሌላ ድርጅት ፕሮግራም ሲፈልጉ ኖረዋል።

ኤንቲኤፍኤስ የተለየ ፍጥረት ነው። በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር ሲወጣ ለመሥሪያ ቤትና ለሰርቨር የታሰበ ነበር። ዋና መዝገቡ ለእያንዳንዱ ፋይል ራሱን የቻለ ገጽ ይሰጣል፤ ገጹ ላይ ስሙ፣ ቀኑ፣ ባለቤቱ፣ ማን ሊያነበውና ማን ሊጽፍበት እንደሚችል ይሰፍራል። ጥቂት መቶ ባይት ብቻ የሆነ ትንሽ ማስታወሻ ከሆነ ጽሑፉ ራሱ እዚያው ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ መደርደሪያ አያስፈልገውም። የፋይል መጠኑ ጣሪያ ደግሞ ለተራ ተጠቃሚ የለም ማለት ይቻላል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ የዕለት መዝገቡ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ዋናውን መዝገብ ከመንካቱ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በሌላ ደብተር ላይ አስቀድሞ ይጽፋል። መብራት በመሀል ድርግም ቢል፣ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሲነሣ ያንን ደብተር ያነባል፤ የተጀመረውን ወይ ይጨርሰዋል፣ ወይ እንዳልተጀመረ አድርጎ ይመልሰዋል። መዝገቡ በግማሽ ተጽፎ አይቀርም። በፋት 32 ላይ ያው አደጋ ቢደርስ የሰንሰለቱ ግማሽ ተጽፎ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ሆኖም ደብተሩ የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። ሳይቀመጥ የቀረ ደብዳቤ በኤንቲኤፍኤስም ላይ ሄዷል።

ሦስተኛው ኤክስፋት ነው። በ2006 ለትንንሽ መሣሪያዎች ከተዘጋጀው ዊንዶውስ ሲኢ 6 ጋር መጣ፤ ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑት የካሜራ ሚሞሪ ካርዶች ደረጃ ሲወጣላቸው የተመረጠው እሱ ነው። የ4 ጊጋውን ጣሪያ አንሥቷል፤ ዊንዶውስም ማክም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝር ደንቡን ለሕዝብ ይፋ ካደረገ ወዲህ ሊኑክስም በወጉ ተቀብሎታል። ድክመቱ ግን ከባድ ነው። የዕለት ደብተር የለውም። ፋት 32 የክላስተሮቹ ሰንሰለት የሚጻፍበትን ሰንጠረዥ በሁለት ቅጂ ሲይዝ ኤክስፋት በተለመደው አሠራሩ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮፒ ሳያልቅ ፍላሹን መንቀል በኤክስፋት ላይ የባሰ ጉዳት አለው፤ ታስክባሩ ላይ ያለችውን የማስወጫ ምልክት መጫን የሚያስፈልገው ይበልጥ እዚህ ነው።

ታዲያ የቱ ይመረጥ? ጥያቄው ዲስኩ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ከኮምፒዩተሩ ሆድ ለማይወጣ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ እንጂ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ የሚጫንበት ፓርቲሽንም እሱን ይፈልጋል። ከዊንዶውስ ወደ ማክ፣ ከካሜራ ወደ ላፕቶፕ ለሚመላለስ ኤክስፋት ይሻላል፤ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ሚኒባስ ውስጥ መዝሙርና ዘፈን ለሚያጫውት የቆየ ቴፕ፣ ለአሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ለዲሽ ሪሲቨር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ቋንቋ ፋት 32 ነው። የሠርጉ ቪዲዮ ባለቤት ፍላሹን ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሰካው ከሆነ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይበቃዋል። አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሊያየው ከሆነ ግን ቪዲዮውን ከ4 ጊጋ በታች በሆኑ ሁለት ክፍሎች ከፍሎ ማውጣት ግድ ነው። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ ላይ የማይጠፋ ነገር ካለም ኮንቨርት የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ፋይሎቹን ሳያጠፋ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀይረዋል፤ መመለሻ ግን የለውም።

በፎርማቱ መስኮት ላይ አሎኬሽን ዩኒት የምትል ማንም የማይነካት መስመር አለች። የክላስተሩን መጠን የምትወስነው እሷ ናት። በኤንቲኤፍኤስ የተለመደው 4 ኪሎ ባይት ነው፤ 64 ጊጋ የሆነ ፍላሽ በኤክስፋት ሲዘጋጅ ግን ዊንዶውስ 128 ኪሎ ባይት ይሰጠዋል። አንድ ክላስተር ለሁለት ፋይል አይካፈልም። በዚህ የተነሣ 1 ኪሎ ባይት የሆኑ 10,000 ትንንሽ ፋይሎች፣ በድምሩ 10 ሜጋ ሊሆኑ የሚገባቸው፣ እዚያ ፍላሽ ላይ ከ1.2 ጊጋ በላይ ይይዛሉ። የሒሳብ ሶፍትዌር ዶሴውን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ቦታው የት ገባ ብሎ የተደነቀ ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ኤንቲኤፍኤስ ሲወጣ የፋይል ስም በዩኒኮድ እንዲጻፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ፊደሉ ሲመጣ መዝገቡ አልተለወጠም፤ ቦታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ዛሬ «የአባቴ ኑዛዜ» ብሎ ፋይል መሰየም የሚቻለው በዚህ ነው። የመኪናው ቴፕ ያንን ስም በባዶ ሣጥኖች ቢያሳይ ጥፋቱ የፋይል ሲስተሙ አይደለም፤ ቴፑ ፊደሉ የለውም።

ወደ ግድግዳዎቹ እንሂድ። የፓርቲሽን ሰሌዳም ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ኤምቢአር በ1983፣ 10 ሜጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ከነበረው የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒዩተር ጋር የመጣ ነው። የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ይይዛል፤ እዚያች ውስጥ ለአራት ፓርቲሽኖች ብቻ የሚሆን 64 ባይት አለች። የሚቆጥረውም እስከ 2 ቴራ ድረስ ነው። 4 ቴራ የሆነ አዲስ ዲስክ በኤምቢአር ከተጀመረ ዊንዶውስ 2048 ጊጋውን ይሰጥና ከ1600 ጊጋ በላይ የሆነውን እንደ ጠፍ መሬት ያስቀረዋል፤ ገዢው ገንዘቡን የተበላ ይመስለዋል። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ሰሌዳ በዊንዶውስ ላይ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል። ሰሌዳውን ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፍና መጨረሻው ላይ ደግሞ ቅጂውን ያስቀምጣል። አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይመሰክራል።

ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የማስነሻ ሥርዓት ስለሚጠይቅ፣ ዛሬ በየጥገና ቤቱ የሚያጋጥመው ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ዊንዶውስ ሊጭን የተነሣ ሰው፣ ዲስኩ የኤምቢአር ሰሌዳ ስላለው መጫን አይቻልም የሚል መልእክት ይመጣበታል። የቸኮለ እጅ ያኔ ፓርቲሽኖቹን አንድ በአንድ ዲሊት ያደርጋል። ሲ ድራይቭ ይሄዳል፤ ዲ ድራይቭ ላይ የነበረው የአሥር ዓመት ሰነድም አብሮ ይሄዳል። መደረግ የነበረበት ግን ሌላ ነው። ከ2017 ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ፣ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ ፋይል ሳያጠፋ የሚለውጥ መሣሪያ አለ፤ ስሙም ሥራውን ይናገራል፣ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ ይባላል። ዋና ፓርቲሽኖቹ ከሦስት እንዳይበልጡ ይፈልጋል፤ ከለውጡ በኋላም የማዘርቦርዱን ማስነሻ ወደ ዩኢኤፍአይ ማዞር ይጠይቃል። ያም ሆኖ አስቀድሞ ሰነዱን ሌላ ዲስክ ላይ ያልገለበጠ ሰው ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይመረጣል።

ዲስኩን ሲና ዲ ብሎ መክፈል በአገራችን የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ሲ ይጠፋል፣ ዲ ይተርፋል። ግን ሁለቱም ግድግዳ የለያቸው ያው አንድ ዲስክ ናቸው። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግድግዳው ማንንም አያድንም፤ ዲ ላይ ማስቀመጥን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ መቁጠር ብዙዎችን አስለቅሷል።

ሌላው የክፍፍሉ መዘዝ ሲ መጥበቡ ነው። ከዓመታት በኋላ ሲ ሲሞላ ባለቤቱ ከዲ ቀንሶ ሲን ሊያሰፋ ይፈልጋል። የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ከዲ ይቀንስለታል፤ ሲ ላይ ሲመጣ ግን የማስፊያው ትእዛዝ ደብዝዞ አይጫንም። ክፍቱ ቦታ ከሲ በስተቀኝ ተጠግቶ ካልተገኘ አይሆንም፤ ከዲ የተቀነሰው ደግሞ የሚገኘው ከዲ ማዶ ነው። ብዙ ጊዜ በመሀል የማይታወቅ ትንሽ ፓርቲሽንም ይኖራል፤ ዊንዶውስ ሲታመም የሚታከምበት የማገገሚያ ክፍል ነው። አላስፈላጊ መስሎት የሚሰርዘው ብዙ ነው። በጃንዋሪ 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አልጫን ያለው ይህ ክፍል በጣም ጠብቦ ስለተገኘ ነበር፤ ማይክሮሶፍት 250 ሜጋ ባይት እንዲጨመርለት መመሪያ እስከ መስጠት ደርሷል።

ፍላሹ ወይም ኤክስተርናል ዲስኩ ሲሰካ፣ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት የሚለው መስኮት ብቅ ካለ መጫን ያለበት ካንስል ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ያ ፓርቲሽን ሮው ተብሎ ይታያል። ትርጉሙ ዊንዶውስ መዝገቡን ማንበብ አቅቶታል ማለት እንጂ መደርደሪያው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ፎቶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው።

ቀጥሎ የሚደረገው ማዳመጥ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ችግሩ የመዝገብ ሳይሆን የአካል ነው፤ በተሰካ ቁጥር እየባሰበት ስለሚሄድ ነቅሎ ለባለሙያ መስጠት ያዋጣል። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ ቅጂው ላይ መሥራት ነው። ብዙ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚሮጥበት ቼክዲስክ መዝገቡን ለማስተካከል የተሠራ እንጂ ፋይል ለማዳን የተሠራ አይደለም። የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ መዝገቡ እንዲስማማ ብሎ የፋይሉን ቁራሽ ቆርጦ እንግዳ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ሊጥል ይችላል፤ ሊሞት በተቃረበ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ ያለውን ጥቂት ትንፋሽ ይጨርሳል። ሮው ለሆነው ጨርሶ አይሠራም። ተራው ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ ነው።

ሁሉም እክል ደግሞ የፋይል ሲስተም እክል አይደለም። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የተገኙበት ፍላሽ ቫይረስ ነው የያዘው፤ ዋናዎቹ ፎልደሮች ተደብቀው እዚያው ስላሉ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ ይገለጣሉ። ከሌላ ኮምፒዩተር የወጣ ዲስክ ፎልደር አልከፍትም ካለ የኤንቲኤፍኤስ የፈቃድ ዝርዝር አሮጌውን ባለቤት እየጠበቀ ነው፤ በአስተዳዳሪ ስም ባለቤትነቱን መውሰድ ይበቃል። ቢትሎከር የቆለፈው ዲስክ ግን ሌላ ነገር ነው። 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁጥር ከሌለ ውስጡ ያለው ለማንም አይነበብም፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ከመነካቱ በፊት ቁጥሩን ከባለቤቱ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። በርካሽ የተገዛ 2 ቴራ ፍላሽ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ አልከፈት ሲል ደግሞ ፍላሹ ራሱ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው ቺፕ እውነተኛ መጠኑን ደብቆ ትልቅ ቁጥር ያሳያል፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ሁሉ ይባክናል። ኤችቱቴስትደብልዩ የተባለው ነፃ የጀርመን ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል።

መዝገቡ ለተበላሸው ዲስክ የታወቁት መሣሪያዎች ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግርኒየ የጻፋቸውና በነፃ የሚሰጡት ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ናቸው። ቴስትዲስክ የጠፋውን የፓርቲሽን ሰሌዳና የመዝገቡን ቅጂ ይፈልጋል፤ ካገኘ ፎልደሮቹ ከነስማቸው ይመለሳሉ። አዳዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ተስፋው ትንሽ ነው፤ ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ ቦታው እንዲጸዳ ለዲስኩ ወዲያው ስለሚነግረው መደርደሪያው ራሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድና በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ግን መዝገቡ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ ፎቶሬክ መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ፣ የፎቶን አጀማመር ያየበትን ሁሉ እያወጣ በሌላ ዲስክ ላይ ይደረድራል። ስሙ፣ ፎልደሩ፣ የየትኛው ዝግጅት መሆኑ አብሮ አይመጣም፤ እነዚያ የነበሩት መዝገቡ ላይ ነው። የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ የምረቃው ሥዕሎች በተራ ቁጥር ተሰይመው፣ ተደበላልቀው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድ የቤተሰቡ ሰው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ይቺ አክስቴ ናት፣ ይሄ የታላቅ ወንድሜ መልስ ነው እያለ ለእያንዳንዷ ስም ይሰጣል።